ሽለላ ለከርከሮ

ሰሞኑን አይደለም፣ ትንሽ ቆየት ብሏል፤ ደብረ ብርሃን ታላቅ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ስለ ከተማዋ ብርድ አላወራላችሁም። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ደግሞ ቢነግሩት አያምንም። ቡናው እስኪፈላ ባና ተከናንቤ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ በመስኮት የገባችውን ፀሐይ ስሞቅ ከወዲያኛው ክፍል ቀረርቶ ተነሣ። ከተራራ ማዶ እንደሚመጣ ድምፅ ረዘም አድርጎ ጀመረና እኔም ሳላስበው ቆሎዬን አስቀምጬ ቀና አልኩ። ሰውየው ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ ቃሉ ሊገባ ሲል ቀጥ! ምን ነካው ስል እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁንም አንድ ነገር ሊናገር ሲል ቀጥ! በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና ተነሥቼ ገባሁ።

የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሯል። ስክሪኑ ላይ ጢሙ እስከ እምብርቱ የወረደ ድንክ መጥረቢያ ይዞ አንድ ከርከሮ ይቀጠቅጣል። ከርከሮው ሲሞት ቀረርቶው ይቆማል። ሌላ ከርከሮ ሲመጣ ቀረርቶው ይጀምራል።

«ጋሼ፣ ሰሙት? የኛ ነው እኮ!» አለኝ ፊቱ በርቶ።

«ሰማሁ። ለማን ነው የሚሸለለው?»

«ለኔ ነዋ! ውጊያ ስገባ ነው የሚጀምረው።»

«ከከርከሮ ጋር?»

«አሁን ገና አሥራ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነኝ። ቆይ፣ ዘንዶው ጋ ስደርስ ያያሉ።»

በሉ እንግዲህ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የሚጫወተው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን፣ ኅዳር 1997 የወጣውንና በኢንተርኔት ከዓለም ዙሪያ ከመጣ ሰው ጋር የሚጫወቱትን ጨዋታ ነው። ክፍያውን አሜሪካ ያለ የአክስቱ ልጅ ይሸፍንለታል። የጨዋታው ሙዚቃ በአብዛኛው ለቦታ የተሠራ ነው፤ ጫካው የራሱ ዜማ አለው፣ ከተማው የራሱ፣ በረዶው አገር የራሱ። ተራ ውጊያ ግን የኔ የሚለው ዜማ የለውም። በዚህ የተነሳ ተጫዋቾች ገና ከጥንቱ ጀምረው አድኦን በሚባለው ተቀጥላ ፕሮግራም የሚወዱትን ዘፈን ሲያስገቡበት ኖረዋል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጨዋታው ያለበት ፎልደር ውስጥ ለተቀጥላዎች የተለየ ፎልደር አለ። እዚያ የምትጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ሉዋ በሚባል ቋንቋ ትጻፋለች። ሉዋ በፈረንጆች 1993 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ካለ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ቋንቋ ነው፣ በፖርቱጋልኛ ጨረቃ ማለት ነው። ጠላት ሲነካህ ወይም አንተ ስትነካው ጨዋታው «ውጊያ ገብተሃል» የሚል ምልክት ይልካል። ተቀጥላዋ ያንን ስትሰማ ያስቀመጥክላትን የድምፅ ፋይል ትከፍታለች፤ «ውጊያው አብቅቷል» የሚለው ምልክት ሲመጣ ትዘጋለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ፈረንጆቹ ሄቪ ሜታል ይከታሉ፣ የፊልም ሙዚቃ ይከታሉ። የእህቴ ልጅ ግን ቀረርቶ ከተተ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ለድንኩ ያወጣለትን ስም ስሰማማ ይበልጥ ሳቅሁ፤ «አባ ውርጭ» ብሎታል። የደብረ ብርሃን ልጅ ሌላ ምን ይላል? ነገሩን ካሰባችሁት ደግሞ ጨዋታ ውስጥ ሌላ ስም ለብሶ መዋጋት ለኛ አዲስ አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነበሩ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የፈረስ ስም ማለት ሰውየው ለጦርነት የሚለብሰው ሁለተኛው ማንነቱ ነው። አንድ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሰው በጨዋታ ውስጥ የጦር ስም ይፈልጋል ብሎ ሲያስብ እኛ ዘንድ ጉዳዩ ድሮ አልቆ ነበር።

ደስታዬ ግን አንድ ስኒ ቡና አልቆየም። ለምን እንደጠፋ ራሴን ስጠይቅ ሁለት ነገር አገኘሁ፤ አንደኛው የሙዚቃ፣ ሁለተኛው የሰው።

በሙዚቃው ልጀምር። ቀረርቶ የሚቸኩል ነገር አይደለም። እንደ ዘፈን እኩል የሚቆጠር ምት የለውም፣ ከበሮ አይነዳውም። ድምፁ ይወጣል፣ ይንጠለጠላል፣ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፤ አድማጩ ይጠብቃል። ጉልበቱ ያለው መጠበቁ ላይ ነው። ቃሉ ሲመጣ ሰው «ይበል!» የሚለው ስለዘገየ ነው። እንግዲህ አንድ ከርከሮ ለመግደል አባ ውርጭ የሚፈጅበት ጊዜ ቢበዛ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው። በአሥራ አምስት ሰከንድ ቀረርቶው ገና ጉሮሮውን እየጠረገ ነው! ስለዚህ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው መግቢያውን ብቻ ነው። አርባ ከርከሮ ገድሎ አርባ ጊዜ «ኧ...» ብቻ ሰምቷል። አንድም ቃል አልደረሰውም።

የጨዋታ ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎች ይኼን ችግር ቀድመው አውቀውታል። በፈረንጆች 1978 ጃፓን ውስጥ የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ያሉት አራት ወደታች የሚወርዱ ድምፆች ብቻ ናቸው። አራቱ ይደጋገማሉ፣ ወራሪዎቹ ሲፈጥኑ እነሱም ይፈጥናሉ፤ ሌላ ምንም የለም፣ ግን የተጫዋቹን ልብ ያንጠለጥላሉ። በ1991 ደግሞ ሉካስአርትስ በሚባለው ኩባንያ ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል የሚባሉ ሁለት ሙዚቀኞች አይሚዩዝ የተባለ ዘዴ አወጡ። የተጫዋቹ ሁኔታ ሲለወጥ ዜማው በድንገት አይቆረጥም፤ የሚመች ቦታ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ማለትም ለጨዋታ የሚሆን ዜማ የትም ቦታ ቢቆረጥ የማይጎዳ መሆን አለበት። ቀረርቶ ደግሞ የትም ቢቆርጡት የሚጎዳ ነው። ልጁ ሁለቱን አገናኛቸው፤ ውጤቱን ሰማችሁት።

ወደ ሰው ልምጣ። ፉከራ በመሠረቱ የውጊያ ማጀቢያ አይደለም። ከውጊያ በፊትና ከውጊያ በኋላ የሚመጣ ንግግር ነው። ፎካሪው ብድግ ሲል ራሱን ያስታውቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ለማን እንዳደረ፣ ፈረሱ ማን እንደሚባል። ከፊቱ ደግሞ ሰሚ አለ፤ አለቃው አለ፣ ባላንጣው አለ፣ የአገሩ ሰው አለ። ነገ ወደኋላ ቢል ይህ ሁሉ ሰው «ያልከውስ?» ይለዋል። ከዘመቻ ሲመለስም ተነሥቶ ይፎክራል። ያን ጊዜ የሚናገረው የሠራውን ነው፤ ከዋሸ አብሮት የዋለ ሰው እዚያው ተቀምጧል። ጉራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ጉራ ግን ተጠያቂነት የለውም፤ ፉከራ አለው። በቴፕ የተቀረጸ ሰው የማያውቀውን ድንክ ወክሎ በማያውቀው ከርከሮ ላይ ሲፎክር ግን ማን ማንን ይጠይቃል?

እዚህ ላይ ነገር አሰፋህ የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ ልጨምርና እናንተው ፍረዱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያኖቹ ያሳደዱት አርበኛን ብቻ አልነበረም። ጠንቋይ፣ ትንቢት ተናጋሪና አዝማሪ እየታደነ እንዲረሸን ታዘዘ። በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲፈጁ ዲያቆናቱ ወደዚሁ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ተወስደው ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ተረሸኑ። መነኩሴውን የፈራ መንግሥት አዝማሪውንም ፈርቷል ማለት ነው። አንድ ማሲንቆ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ምንም አያደርግም፤ ግን መቼ ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ሰዓቱን የሚመርጠው እሱ ነው። የእህቴ ልጅ ተቀጥላ የጎደላት ይኸው ነው፤ ከርከሮና ዘንዶ አትለይም። ምልክት መጣ፣ ከፈተች። ምልክት ሄደ፣ ዘጋች።

ይኼን ሁሉ ለልጁ ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝና «ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ።

ልክ ነው፣ ጨዋታ ነው። ይህን ቃል ግን እናቱ ቡና ማቅረቢያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰምታው ነበር።

እህቴ ብዙ የምትናገር ሰው አይደለችም። «አንተ፣ ድምፁን ዝጋልኝ። ካልሆነም በጆሮህ አድርገህ ስማው» አለችው፣ ሳትቆጣ። ኋላ ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኋት። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ፣ ከወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደብረ ብርሃንን ሞልቷት ሳለ፣ በመኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ሽለላ ሲለቀቅ ይውል ነበር። የጎረቤቷ ልጅ በዚያ ሰሞን ወጥቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። «እሱን ድምፅ ስሰማ የነሱ የግቢ በር ሲዘጋ ነው የሚሰማኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የመጣውንም እናንተ ታውቁታላችሁ። በ2015 ክረምት ግጭቱ እንደገና በክልሉ ተነሣ፤ ኢንተርኔቱም ለብዙ ወራት ተዘጋ። አባ ውርጭ ያን ጊዜ ሁሉ የቆመበት ቆሞ ቀርቶ ነበር። ልጁ ለብዙ ወር ከርከሮ አላየም። ጥይት ግን ይሰማ ነበር።

እንግዲህ እኔ እዚህ ጋ ተቸገርኩ። ለልጁ «ይህ ድምፅ ክቡር ነው፣ አትጫወትበት» ልለው ነበር የተነሣሁት። ግን ማን ነው ያላከበረው? ሠርግ ላይ ለኬክ መቁረጫ እንሸልላለን። የመጠጥ ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በ2011 በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ ቢራ በፉከራ ሲሸጥ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ። ለስብሰባ እንሸልላለን፣ ለምርጫ እንሸልላለን፣ ለእግር ኳስ እንሸልላለን። ሰው ሊሞት ሲሄድም ይኸንኑ ካሴት እናስከፍታለን፤ የሚሄደው ሰው ግን የሚፎክረው እሱ አይደለም፤ ተፎክሮለታል፣ ከኋላው በማጉያ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማንንም ያልጎዳ ቢኖር ያ ድንክ ነው። ልጁን መገሠጼን ትቼ ከሱ ጋር ቁጭ አልኩ።

ቁጭ ስል ሌላ ነገር አሳየኝ። ምኒልክ አሉ! ነሐሴ 12 ቀን 1836 አንጎለላ፣ ከዚህ ከደብረ ብርሃን ቅርብ፣ የተወለዱት፣ አንኮበር ላይ ነግሠው ሸዋን የገዙት ምኒልክ። ሲቪላይዜሽን የሚባለው ጨዋታ ስድስተኛው ላይ ሐምሌ 2012 የኢትዮጵያ መሪ ሆነው ገብተዋል፤ የሚናገሩትም በአማርኛ ነው። በአምስተኛው ላይ በ2004 የገቡት ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ ልዩ ወታደራቸው መሐል ሰፋሪ ይባላል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለተኛው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ሾተል የያዙ ኢትዮጵያውያን አሉት፤ ስታዝዛቸው በአማርኛ ይመልሳሉ። ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ገደሉን ላየ ሰው ይህ የሚገርም ነው፤ እኔስ ገርሞኛል።

ከነዚህ ውስጥ የሙዚቃ አሠራሩን የወደድኩት የሲቪላይዜሽኖቹን ነው። አምስተኛው ለእያንዳንዱ መሪ ሁለት ዜማ አዘጋጅቷል፤ አንዱ ለሰላም፣ አንዱ ለጦርነት። ጦርነት ላይ ካልሆንክ የጦርነቱን አትሰማም። ስድስተኛው አንዱን የአገር ዜማ በአራት ዘመን ያሳድገዋል፤ በጥንቱ ዘመን ጥቂት መሣሪያ ብቻ ይይዘዋል፣ ኋላ ሙሉ ኦርኬስትራ ይሆናል። ሠሪዎቹ ዜማ ጊዜ እንዳለው ያውቃሉ ማለት ነው። ልጁን «የአባ ውርጭ ተቀጥላ ይህን ማወቅ ያቅታታል?» ብለው «አያቅታትም፣ ሠርቼ ላሳይዎት» አለኝ። ነካሁት መሰለኝ።

በነገራችን ላይ የውጭ ድምፅ በራሳችን ጦር ላይ መቀጠልም አዲስ አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላይ ለምኒልክ 40 የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ልከው ሚሌቭስኪ የሚባል አስተማሪ ማርሽ ማስተማር ጀመረ። በ1916 ደግሞ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባውን የአርመን ልጆች ከነአለቃቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አመጡ። ነጋሪትና መለከት ባለበት ቤተ መንግሥት ያ ሁሉ ትሮምፔት ተቀጥላ ነበር። ቤተ መንግሥቱ አልፈረሰበትም፤ እንዲያውም ለኛ ዘፈን መልካም ሆነለት። ስለዚህ መቀጠሉን አልቃወምም። የት ላይ ምን እንደሚቀጠል ነው ጥያቄው።

ሁለታችን የቆዩ ቅጂዎች ስናገላብጥ እምቢልታ ላይ ደረስን። እምቢልታ የሚነፋው ብዙ ጊዜ በሦስት ሰው ነው። ጣት የሚያኖሩበት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ለብቻው ያለችው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ናት። ለብቻው ሲነፋ የተበሳጨ ሰው ይመስላል። ሦስቱ ግን አንዱ የተወውን ክፍተት ሌላው እየሞላ ሲሄዱ ዜማው ከመካከላቸው ይወጣል፤ የማንኛቸውም አይደለም፣ የሦስቱም ነው። ይዞራል፣ ይዞራል፤ መጀመሪያው የት እንደሆነ አይታወቅም፣ ስለዚህ የትም ብታቆመው አይቆስልም። በስፔስ ኢንቬደርስ አራት ድምፅ የተደነቀ ሰው የኛን አባቶች በሦስት ሸምበቆና በብረት ቱቦ ምን እንደሠሩ ይስማ! ከሥሩ ነጋሪት ብታስገባበት ደግሞ ተጨማሪ አያስፈልግም። ነጋሪት ድሮም ሥራው ይኸው ነው፤ አዋጅ ይነግራል፣ ጦር ያስነሣል፣ ራሱ አይፎክርም።

ልጁ ማታውን ሙሉ ተቀምጦ ሠራው። አሁን ከርከሮና ተኩላ ሲመጣ ምንም አይሰማም፤ የጫካው ድምፅ ብቻ። የቡድኑ አለቃ የሆነ ትልቅ ጠላት ሲመጣ ነጋሪቱ ይጀምራል፣ እምቢልታው ይከተላል። ውጊያው ሲያበቃ ተቀጥላዋ አንድ ነገር ታጣራለች፤ አባ ውርጭ በሕይወት አለ ወይስ የለም? ካለ፣ ያን ጊዜ ፉከራው ይለቀቃል፤ ከነመግቢያው፣ ከነቃሉ፣ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው። በጨዋታው ውስጥ አብረውት ያሉት አንድ ፖላንዳዊና አንድ ብራዚላዊ በጽሑፍ «ለምን ትቆማለህ? እንሂድ» ይሉታል፤ እሱ ግን ፉከራው እስኪያልቅ ድንኩን አንድ ቦታ ላይ ወዲህ ወዲያ ያንጎራድደዋል። መንጎራደዱን ማንም አላስተማረውም።

ሁለት ጉድለት አግኝቼበታለሁ። ፉከራው የተቀዳው ከሠርግ ሙዚቃ ጋር ስለሆነ ከኋላው ኪቦርድ አለበት፤ ያ ነገር ይነሣ ብዬዋለሁ። ሌላው፣ በሦስተኛው ድል ላይ ያው ቃል ሲደገም ይሰለቻል። ሰው በየድሉ አዲስ ነገር ይናገራል እንጂ ያንኑ አይደግምም። «ራስህ ፎክረህ ለምን አትቀዳም?» ስለው አፈረ። ምን እንደሠራ ዘርዝሮ የራሱን ድምፅ መቅዳት ከሉዋ ይልቅ ከበደው።

እህቴ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን ማለቷን አላነሣችም። ግን አንድ ቀን ሽቦው ተነቅሎ እምቢልታው ቤቱን ሞላውና እኔ ደንግጬ ቀና ብል፣ ከማጀት ሆና «ይኼ ደግሞ የማን ድግስ ነው?» አለች። አላስዘጋችውም።

ልሄድ ስል ልጁ አንድ የቀረው ጥያቄ ነበረው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የሞተ ሰው መንፈሱ መቃብር ቦታ ላይ ይነሣና አስከሬኑ የወደቀበትን ፍለጋ ይሮጣል፤ ሲያገኘው ተመልሶ ይኖራል። ሩጫው አንዳንዴ ረጅም ነው፣ ዓለሙም በሙሉ ግራጫ ይሆናል። «እዚያች ሩጫ ላይስ ጋሼ፣ ምን ልክተት?» አለኝ። እኔ ገና ሳስብ እናቱ ስኒዎቹን ልትሰበስብ ገብታ ነበር።

«እዚያ ላይ ምንም አትክተት» አለችው፤ ስኒዎቹን ይዛ ወጣች።